ሞኒተርህ ሲጠፋብህ

ልጄ፣ ሞኒተርህ ጨልሞ ቀርቶብህ «አዲስ ከመግዛት በቀር መላ የለውም» ብለውሃል። አብዛኛውን ጊዜ መላ አለው። ባይኖረው እንኳ አለመኖሩን ራስህ፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ መለየት ትችላለህ። እኔ ሬዲዮና ቴፕ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ኮምፒውተር ስጠግን ነው ጸጉሬ የሸበተው። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚወጡት ሞኒተሮች ብዙዎቹን የገደላቸው በጥቂት ብር የሚገዛ ዕቃ ነው። የሚያንገበግበኝ ብልሽቱ አይደለም፤ ምኑ እንደተበላሸ ሳይታወቅ የተከፈተው፣ ደህናው ዕቃ የተነቀለው፣ ቦርዱ በመበየጃ የተጠበሰው ነው። እንዲህ ያለውን ማዳን ከመጀመሪያው ብልሽት ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርህን ሁሉ ስታነብ አንድ ነገር ያዝልኝ፤ መበላሸቱን ያላረጋገጥከውን ዕቃ አትንካ።

1. መጀመሪያ ሞኒተሩ ራሱ መበላሸቱን እወቅ።

ዲቫይደሩን ትተህ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። የኃይል ገመዱን ቀይር፤ የብዙ ሞኒተሮችና የዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ገመድ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከኮምፒውተሩ ነቅለህ መሞከር ትችላለህ። በውጭ አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብብና መውጫውን በመልቲሜትር ለካ። 12 ወይም 19 ቮልት ተብሎ ተጽፎ 6 ቮልት ካገኘህ በሽታው አዳፕተሩ ነው፤ ሞኒተሩን መክፈት አያስፈልግህም።

የምስሉን ገመድም እይ። ምስሉ ወደ ቢጫ ካደላ ሰማያዊው ቀለም እየደረሰ አይደለም፤ ወደ ሮዝ ካደላ አረንጓዴው ጠፍቷል። የቪጂኤ ገመዱን ነቅለህ አፉን ወደ ብርሃን አዙርና የታጠፈች መርፌ ፈልግ። አንዳንዱ ገመድ ላይ አንዷ የመርፌ ቦታ ከፋብሪካው ጀምሮ ባዶ ስለሆነች እሷን አይተህ አትደንግጥ። የታጠፈችውን በቀጭን ወረንጦ ቀስ ብለህ አቅናት።

ስክሪኑ ላይ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ከወጣ ደስ ይበልህ። ጽሑፉን ያነበብከው ፓነሉ፣ የጀርባ መብራቱና ዋናው ቦርድ ስለሚሠሩ ነው፤ ችግሩ ገመዱ ላይ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ነው። «አውት ኦፍ ሬንጅ» ካለህ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ የማይችለውን ፍጥነት እየላከለት ነውና ወደ 60 ኸርዝ አውርደው። ይህን ሁሉ ሞክረህ ካልሆነ ሞኒተሩን ከኤሌክትሪክ ንቀል፣ የማብሪያ ቁልፉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጫነው፣ መልሰህ ሰካ። አንዳንዱ በዚህ ብቻ ይነሣል።

2. ምልክቱን በትዕግሥት አንብብ።

ካቻቪቴውን ወደ ጎን አስቀምጠውና ሞኒተሩን አብርተህ ብቻ ተመልከተው። የማብሪያ ቁልፉን ስትጫነው ምን ይላል? ትንሿ መብራት ትበራለች? ትበራና ትጠፋለች? ምስል ይመጣል? ስንት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል? ያየኸውን ወረቀት ላይ ጻፍ። ሰው ሞኒተር ይዞልኝ ሲመጣ ከመክፈቴ በፊት የማጠፋው ጊዜ ከፍቼ ከምሠራበት ይረዝማል፤ ችኮላውን ደንበኛው እንጂ እኔ አልወደውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ትንሿ መብራት ጭራሽ ካልበራች ኃይል እየገባ አይደለም፤ ፊውዙንና ፓወር ሳፕላዩን ጠርጥር። ብልጭ ድርግም እያለች ካልተነሣ፣ ወይም ጠዋት ለመነሣት እያስቸገረ ከሞቀ በኋላ ደህና ከሠራ፣ የካፓሲተር ድካም ነው ብለህ ፍለጋውን ከዚያ ጀምር።

መብራቷ በርታ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ክፍሉን አጨልምና የስልክህን ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግተህ ጋደል አድርገህ አብራበት። የመስኮትና የጽሑፍ ጥላ ከታየህ ምስሉ አለ፤ የጠፋው ከኋላ የሚያበራው ባክላይት ብቻ ነው። ይህን ፈተና ሳታደርግ ማንም «ስክሪኑ ሞቷል» ቢልህ አትመነው። ምስሉ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ደምቆ ድርግም ካለም ያው ባክላይቱ ነው፤ መከላከያው ችግር አይቶ እየዘጋው ነው።

ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ምስል ከሌለው ከዋናው ቦርድ ወደ ፓነሉ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ላልቶ ይሆናል። ሜኑው ራሱ እየተከፈተ የሚያስቸግርህ ከሆነ ቁልፎቹ እርጥበት ወይም ቆሻሻ ገብቶባቸዋል። ከላይ እስከ ታች የወረደ መስመር፣ የግማሽ ስክሪን መጥፋት፣ እንደ ቀለም የፈሰሰ ጥቁር ነገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

3. «ነቅዬዋለሁ» ብለህ አትዘናጋ።

ከዚህ ምክር ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን እንዳትረሳ እለምንሃለሁ። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ሞኒተሩ ውስጥ ወደ ዲሲ ሲለወጥ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል። ይህ ኃይል ከፊውዙ ብዙም ሳይርቅ በተቀመጠው፣ 400 ወይም 450 ቮልት ተብሎ በተጻፈበት ትልቅ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል። ሶኬቱን ስትነቅል እሱ አይነቀልም። በተለይ ፓወር ሳፕላዩ ሞቶ ከሆነ የሚጠቀምበት ስለሌለ እዚያው ተኝቶ ይጠብቅሃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ብዙ ልጆች ሁለቱን እግሮች በካቻቪቴ አገናኝተው «ጧ» ሲያደርጉት አይቻለሁ። ይህ ጀግንነት አይደለም፤ ብረቱ ይቀልጣል፣ የቦርዱ መስመር ይቃጠላል፣ ፍንጣሪው ዓይን ውስጥ ይገባል። በዚህ ፈንታ የድሮውን ባለክር አምፖል ያዝ፤ 220 ቮልት፣ 40 ወይም 60 ዋት ይበቃል። ከማቀፊያው ሁለት በደንብ የተሸፈኑ ሽቦዎች አውጣና ጫፎቻቸውን የካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ አስነካ። ኃይል ካለው አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ብልጭ ባይልም ባዶ ነው ብለህ አትደምድም፤ መልቲሜትርህን ከፍ ወዳለው የዲሲ ቮልት አዙረህ ለካ። ወደ ዜሮ ሲቃረብ ብቻ እጅህን አስገባ።

ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቅ። ጫማ አድርግ፣ ወለሉ ደረቅ ይሁን። ክፍት ሆኖ በኤሌክትሪክ ላይ ስትለካ ግራ እጅህን ከጠረጴዛው አርቀው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይኑር፤ ሶኬቱ የቱ እንደሆነም አሳየው። ሕፃናት የሚሯሯጡበት ሳሎን ውስጥ ፈጽሞ አትሥራ።

4. የድሮውን ባለቱቦ ሞኒተር ተወው።

ያ ወፍራሙ፣ ከኋላው የሚሾለው ሞኒተር ቱቦው ላይ እስከ 25,000 ቮልት ይደርሳል፤ መስታወቱም ውስጡ አየር የሌለው ስለሆነ ቢመታ ይፈነዳል። የቤት ሥራ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምነግርህ ሁሉ ስለ ጠፍጣፋው ነው።

5. ስትከፍት ዘግተህ የምትመልሰው አንተ መሆንህን አስብ።

ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ብርድ ልብስ አንጥፍና ስክሪኑን በፊቱ አስተኛው። መቆሚያውን ፍታ። ከዚያ ብሎኖቹን፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ የሞኒተሩን ቅርጽ ወረቀት ላይ ሣልና እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ አስቀምጠው። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ አጥብቆ ፓነሉን የሰነጠቀ ሰው አውቃለሁ። የፊቱ ፍሬም በፕላስቲክ ጥርስ የተያያዘ ነው፤ በቢላ ወይም በካቻቪቴ አትፈልቅቀው፣ የቆየ የባንክ ካርድ አስገብተህ ዙሪያውን ቀስ እያልክ አላቀው። ከፍሬሙ ጋር የቁልፎቹ ቀጭን ገመድ ተያይዞ ስለሚመጣ በኃይል አትሳብ። ማንኛውንም ሶኬት ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሣ፣ ከነቀልክም በኋላ አንሣ።

ውስጡን ስታይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦርድ ታገኛለህ። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበት ፓወር ቦርድ ነው፤ የምስል ገመዱ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ ነው። ለጀማሪ ሥራው ያለው ፓወር ቦርዱ ላይ ነው።

6. የተቃጠለ ፊውዝ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው።

ፊውዙ ትንሽ የመስታወት ቱቦ ነው፤ አንዳንዱ ነጭ ሴራሚክ ነው። ወደ ብርሃን አቅርበህ እየው። ውስጡ ያለው ክር ተበጥሶ መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ በእርጅና ወይም በቀላል የኃይል ግፊት ሄዶ ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ከጠቆረ ወይም የሚያብለጨልጭ ነገር ከተቀባ ግን ከኋላው ሾርት አለ። ዳዮዶቹን፣ ከብረት መቀዝቀዣው ጋር የታሰረውን ትራንዚስተርና መግቢያው ላይ ያለውን፣ የኃይል ግፊት የሚከላከለውን ክብ ቫሪስተር ሳትለካ አዲስ ፊውዝ ብትሰካ እሱም ወዲያው ይሄዳል።

አምፔሩና ፊደሉ እንደተጻፈው ይሁን። «ቲ» የሚለው የዘገየውን፣ «ኤፍ» የሚለው የፈጠነውን ነው የሚያመለክተው። ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት ብር ጠምጥመህ አታገናኝ! ይህ ልማድ በየቤቱ ስላለ ነው የምጮኸው። ፊውዙ መቃጠል ሲያቅተው ቤቱ ይቃጠላል።

7. ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ተመልከት።

እዚህ ላይ ረጋ በል፤ ከሞኒተር ጥገና ትልቁ ድርሻ ያለው እዚህ ነው። ፓወር ቦርዱ ላይ ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ማዶ ትንንሽ ቱቦዎች ተደርድረው ታያለህ፤ 470፣ 680፣ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ወይም 25 ቮልት የሚል ተጽፎባቸዋል። የደህናው አናት ዝርግ ነው፤ ላዩ ላይ የመስቀል ጭረት አለው። ጭረቱ የተሠራው ውስጡ ሲጨናነቅ በዚያ በኩል እንዲተነፍስ ነው። የታመመው አናቱ እንደ ዳቦ ኩፍ ይላል፤ የባሰበት ደግሞ በጭረቱ በኩል ቡናማ ነገር አፍስሶ ደርቆበታል። ጣትህን አናቱ ላይ ብታሳልፍ ዓይንህ ያላየውን እብጠት ታገኘዋለህ። አንዳንዱ ከሥር ያፈሳል፤ እሱን ለማየት ቦርዱን ወደ ጎን አዘንብለው።

በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት የተሠሩ ብዙ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ጉድለት ስለነበረበት ያለጊዜያቸው አብጠዋል። የዚያ ዘመን ሞኒተሮች ዛሬም በየቢሮው ጥግ ስለሚገኙ ስትከፍታቸው አትገረም። ጤናማውም ቢሆን ዕድሜው በሙቀት ይለካል። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት ይሠራል የተባለ ካፓሲተር ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲቀንስለት ዕድሜው እጥፍ እንደሚሆን ይገመታል። በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ይደርሳል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሞኒተር ወደ 11 ዓመት መሆኑ ነው። የአየር መውጫው በአቧራ ተዘግቶ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ቢጨምር ከዚህ ላይ ግማሹ ሄደ። ለዚህ ነው ሞኒተር ላይ ጨርቅ የሚያለብሱ እናቶችን ሲበራ እንዲያነሡት የምለምናቸው።

ስትቀይር ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፤ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ 105 ዲግሪ የሚል ይኑርበት፤ «ሎው ኢኤስአር» የሚባለውን ዓይነት ጠይቅ። ጎኑ ላይ ያለው ፈዛዛ መስመር ኔጋቲቩን ያሳያል። ቦርዱ ላይ ባለው የቀለም ምልክት ብቻ አትመራ፤ ጥቂት ቦርዶች ተገላቢጦሽ ያትሙታልና ከመንቀልህ በፊት ያነሣኸውን ፎቶ እመን። ገልብጠህ ከበየድከው ይፈነዳል። አንዱ ካበጠ አብረውት የተደረደሩትንም ቀይር፤ ዕድሜያቸው አንድ ነው።

አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ምናለሽ ተራ የወዳደቀ ቦርድ ታገኛለህ፤ ትራንስፎርመር፣ ዳዮድና ብረት መቀዝቀዣ ከዚያ ብትነቅል አልቃወምም። ካፓሲተር ግን አዲስ ግዛ። አሮጌው ከአሮጌ ቦርድ ወጥቶ የሚኖርልህ ዕድሜ የለውም። አዲሱንም ቢሆን ከመበየድህ በፊት ለካው፤ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት ውስጡ ትንሽ የሆነ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ገበያው ላይ አለ።

8. የካፓሲተሮቹ ላይ ደህና ሆኖ በሽታውን ካላገኘኸው ቮልቱን ጠይቅ።

ያላበጠ ካፓሲተርም ሊሞት ይችላል። ከፓወር ቦርዱ ወደ ዋናው ቦርድ የሚሄደውን የገመድ ሶኬት ፈልግ። አጠገቡ ትንንሽ ጽሑፎች ታትመዋል፤ 5 ቮልት፣ 12 ወይም 14 ቮልት፣ «ኦን ኦፍ»፣ «ዲም»፣ «ግራውንድ» ይላሉ። ጥቁሩን የመልቲሜትር ጫፍ ከሞኒተሩ የብረት ሣጥን ጋር አገናኝ። በትልቁ ካፓሲተር በኩል ያለው ግራውንድ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ወገን ትራንስፎርመሩ ይለያቸዋልና ወደዚያኛው ጎን አትሻገር።

የ5 ቮልቱ መስመር 5 ካለህ ጥሩ። 3.8 ካለህ፣ ወይም ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ ከዋዠቀ፣ ካፓሲተር ወይም ዳዮድ ነው። ቮልቶቹ ልክ ሆነው ስክሪኑ ከጨለመ ሞኒተሩን ስታበራ «ኦን ኦፍ» የሚለውን ለካ። ወደ 3 ወይም 5 ቮልት ከወጣ ዋናው ቦርድ «አብራ» ብሎ አዝዟል፤ ያልታዘዘው የባክላይቱ ክፍል ነው። ዜሮ ላይ ከቀረ ትእዛዙ አልመጣም፤ ፓወር ቦርዱን መንቀል ትተህ ወደ ዋናው ቦርድ ተመልከት። ይህች አንድ ልኬት የስንቱን ደህና ቦርድ ሕይወት ታተርፋለች!

9. ስትበይድ ሙቀቱን ቸኩለህ አታብዛ።

ከፋብሪካ የሚመጣው ሊድ የሌለበት የመበየጃ ቆርቆሮ 217 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ እኛ የምንጠቀምበት ባለሊዱ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል። ስለዚህ ከመንቀልህ በፊት በአሮጌው ነጥብ ላይ ጥቂት አዲስ ባለሊድ ቆርቆሮ ጨምርበት፤ ተቀላቅሎ ቶሎ ይቀልጥልሃል። እምቢ ካለ አትጎትት፤ እግሩ የሚያልፍበት የመዳብ ቀለበት አብሮ ይላቀቅና ጥገናው ሌላ ጥገና ይወልዳል። መስኮት ክፈት፣ ጭሱን አትሳብ፣ ስትጨርስ ከምግብ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ። የመጀመሪያ ልምምድህን በተጣለ ቦርድ ላይ አድርገው፤ ሞኒተርህን መለማመጃ አታድርገው።

10. ባክላይቱን በየዓይነቱ ያዘው።

የቆዩት ሞኒተሮች በቀጭን የመስታወት መብራት ነው የሚሠሩት፤ እሱን የሚያበራው ኢንቨርተር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት፣ ሲነሣ ደግሞ ከዚያም በላይ ያወጣል። በርቶ ሳለ ወፍራሞቹን የመብራት ገመዶች አትንካ። መብራቱ ውስጥ ጥቂት ሜርኩሪ አለ፤ ከተሰበረ በመጥረጊያ አትጥረገው፣ መስኮት ከፍተህ በእርጥብ ወረቀት ሰብስበው።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ያመጣችው ሞኒተር ሁለት ሰከንድ በርቶ ይጠፋ ነበር፤ እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ዋናው ቦርድ ተቀይሮለታል። ኢንቨርተሩን ገልብጬ በአጉሊ መነጽር ሳየው ከአንዱ ትራንስፎርመር እግር ዙሪያ እንደ ጸጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ አገኘሁ። ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ኖሮ ብየዳው ተላቋል። አሮጌውን አንሥቼ አዲስ ሊድ ሰጠሁት፤ በዚያው ሠራ። አንተም ቦርድ ከመግዛትህ በፊት የከባድ ዕቃዎችን እግር በብርሃን ተመልከት።

አዲሶቹ በኤልኢዲ ረድፍ ይሠራሉ። ትንንሾቹ አምፖሎች ተከታትለው ስለተያያዙ አንዱ ሲቃጠል ያ መስመር ሁሉ ይጠፋል። ረድፉን ለመቀየር ፓነሉንና ከኋላው የተደረደሩትን ስስ ፕላስቲኮች ማንሣት ግድ ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች ለዘላለም ነጥብ ሆና ትታይሃለች። ሌላውን ከለመድክ በኋላ የምትደርስበት ሥራ ነው።

11. ፓነሉ ከሆነ አቁም።

ስንጥቅ፣ የፈሰሰ ጥቁር፣ የማይጠፋ መስመር ያለው ፓነል በቤት አይጠገንም። ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ስስ ገመዶች በልዩ ሙቀትና ግፊት የተጣበቁ ናቸው፤ ተጭነህ ለጊዜው መስመሩ ቢጠፋ ዳነ አያሰኝም። አዲስ ፓነል ደግሞ ለሙሉ ሞኒተር የቀረበ ዋጋ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ለዕቃ አስቀምጠው፤ ፓወር ቦርዱ ለሌላ ተመሳሳይ ሞኒተር ሕይወት ይሆናል።

12. ከጥገናው በኋላ የመጀመሪያውን ማብራት በአምፖል አድርገው።

ያን ባለክር አምፖል ከመግቢያው መስመር ጋር በተከታታይ አያይዘው፤ ግንኙነቱ ሁሉ የተሸፈነ ይሁን። ሶኬቱን ስትሰካ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው። ደምቆ ከቀረ ሾርት አለና ንቀል፤ አምፖሉ ኃይሉን ስለያዘልህ የቀየርከው ዕቃ አልተቃጠለም። ካለፈ በኋላ አምፖሉን አውጥተህ በቀጥታ ሰካው።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዕቃ ከሆነ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መጻፉን ሳታይ አትሰካ። መብራት ሲሄድ ሞኒተሩን ንቀለው፤ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ግፊት ነው ቫሪስተሩንና ፊውዙን የሚበላው፤ ጥቂት ደቂቃ ታግሠህ መልሰህ ሰካ። የአየር መውጫውን በየጊዜው በደረቅ ብሩሽ ጥረግ።

እንደተነሣ ደስ ብሎህ ወዲያው አትግጠመው። ጀርባውን ክፍት አድርገህ፣ ማንም በማይደርስበት ቦታ፣ አጠገቡ ሆነህ ሁለት ሰዓት ያህል ይሥራ። ከዚያ ንቀለው፣ ትልቁን ካፓሲተር በአምፖሉ አራግፈህ ለካ፣ የቀየርካቸውን ካፓሲተሮች በጣትህ ዳስስ። ለብ ያለ ይበቃል፤ የሚያቃጥል ካለ ገና ያላገኘኸው ነገር አለና ወደ ልኬቱ ተመለስ።